ግንባር ዳሳሹ ኃላፊ

የሰው ልጅ በሽታን ለማሸነፍ ካደረጋቸው ተጋድሎዎች ሁሉ፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የተደረገውን የሚስተካከል የለም። ሌላው ዓለም በመድኃኒትና በሐኪም ሲደክም፣ የድርጅቱ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ በሽታን በአንድ መዳፍ ድል አደረጉት።

መመሪያው ግልጽ ነበር። ታመምኩ የሚል ሠራተኛ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታው ቆሞ፣ ግንባሩን በኃላፊው ቀኝ እጅ ያስዳስሳል። ቤቱ ተኝቶ የታመመ እንደ ቀረ፣ የቀረ ደግሞ እንደ ለቀቀ ይቆጠራል። የሕክምና ወጪን በተመለከተ ድርጅቱ የኃላፊዎችን ይሸፍናል፤ ለሠራተኛው ደግሞ ምሕረቱን ይመኝለታል።

ካውያ ቤት የምትሠራው፣ ሁሉም እታለም የሚላት ሴት፣ አንድ ጠዋት ጉልበቷ ከዳት። ጉሮሮዋ ቆስሏል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ናትና ሥራዋን ማጣት አትችልም፤ እየተጎተተች መጣች። የፈለገችው አንድ ቀን መተኛት ብቻ ነበር።

ኃላፊው ክራቫታቸውን አስተካክለው መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«ይሞቃል» አሉ።

«እሳት ሆኛለሁ እኮ ጌታዬ! ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት።»

«እሱ የካውያው ነው።»

«የካውያው?»

«የድርጅቱ ሙቀት ነው፣ እህቴ። በድርጅቱ ሙቀት የግል ፈቃድ አይወሰድም።»

አጠገቧ ልብስ የምታጥፈው ጓደኛዋ አላስችል አላት። «ታዲያ ውጭ ወጥታ ትብረድና ይዳስሷት!»

ኃላፊው ፍትሐዊ ሰው ናቸው፤ ፈቀዱ። እታለም በላብ እንደ ራሰች ግቢው ውስጥ ነፋስ ላይ ቆማ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ተመለሰች። መዳፉ እንደገና አረፈ።

«ቀዝቅዟል። ጤነኛ ነሽ፤ እንኳን ደስ አለሽ!»

እታለም ለምስጋና አፏን ስትከፍት አስነጠሳት፤ ፊታቸው ላይ። «ይማርሽ» ያለችውን ልብስ አጣፊ ኃላፊው ገሠጿት። ጤነኛ ሰው ከምን ይማራል?

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሐኪሙ ቤታቸው ድረስ ሄደላቸው፤ ትኩሳቱ የማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ባለ ድርጅቱ ሠራተኛውን ሰብስበው በሐዘን ድምፅ ተናገሩ፦

«መዳሰስ የእሳቸው ሥልጣን ነው። ስለዚህ አገግመው እስኪመለሱ ድረስ ማንም ሠራተኛ መታመም አይችልም።»

ያኔ ካውያ ቤቱ በሙሉ ይስል ነበር። እታለም ጠረጴዛውን ተደግፋ ጓደኛዋን አየቻት።

«ምን ይሻለናል?»

«ምን ይሻለናል ትያለሽ እንዴ? እሳቸው እንዲድኑ መጸለይ ነዋ!»

ጸለዩ። ለገዛ እናቱ እንዲህ ጸልዮ የማያውቅ ሁሉ ለኃላፊው አለቀሰ። እታለም ከሁሉም ባሰች፤ «ማርልኝ፣ ዛሬውኑ ማርልኝ» እያለች አንሶላ ትተኩሳለች። ከልቧ ነበር፤ አንጀት ትበላ ነበር።

ወሬው ኃላፊው ቤት ደረሰ። ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ሾርባቸውን ፉት እያሉ፣ በማግስቱ ሥራ ሊገቡ እያሰቡ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህን ያህል እንደሚወዱኝ አላውቅም ነበር» አሉ ለሚስታቸው። «እንዲህ ለሚሳሱልኝ ሰዎችማ ሳልጠነክር ብገባ ነውር ነው። ለእነሱ ስል በደንብ ላገግም።»

አንድ ሳምንት ጨመሩ።