አሥራ አምስት ሜትር የሚደርስ ርካሽ ሄድፎን

[የጋሽ ሽቦ ሳሎን፣ ከሰዓት በኋላ። ጋሽ ሽቦ ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ የማታውቅ ሰው ናቸው። ዝግታ ከግቢው ማዶ ፊት ለፊታቸው የሚኖር ቤት ቀቢ ነው፤ አንድ ግድግዳ ሳምንት ስለሚፈጅበት ሰፈሩ ይህን ስም አወጣለት። ጠረጴዛው ላይ ዝግታ መታወቂያውን አስይዞ ከሱቅ ለሙከራ ያመጣቸው ሁለት ገመድ አልባ ሄድፎኖች አሉ። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ፀሐይዋ ጋሽ ሽቦን ዓይን ዓይናቸውን ትላቸዋለች።]

ጋሽ ሽቦ፦ አይሆንም ካልኩ አይሆንም! ጥቁሩን ነው የምትገዛው።

ዝግታ፦ የጥቁሩ ዋጋ እሳት ነው፣ ጋሼ። ሰማያዊው ግማሹ ነው። ደግሞ ከቤቴ ግድግዳ ጋር ይሄዳል።

ጋሽ ሽቦ፦ ጆሮህ ላይ ልታደርገው ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው? ለመሆኑ ሄድፎን ምን አስፈለገህ?

ዝግታ፦ ለቴሌቪዥን። ማየቱን አያለሁ፤ መስማቱ ነው እምቢ ያለኝ።

ጋሽ ሽቦ፦ [ጆሮው ሥር ገብተው እየጮኹ] ከመቼ ጀምሮ?

ዝግታ፦ ከሦስት ሳምንት ወዲህ። አንድ ቀን ድንገት ጭጭ አለ።

ጋሽ ሽቦ፦ [አሁንም እየጮኹ] የጆሮ ነርቭ ነው! የቀለም ሽታ ነው ያመጣብህ!

ዝግታ፦ ምነው ይጮሃሉ፣ ጋሼ?

ጋሽ ሽቦ፦ እንድትሰማኝ ነዋ!

ዝግታ፦ እርስዎንማ እሰማለሁ። ቴሌቪዥኑን ነው እንጂ።

ጋሽ ሽቦ፦ እንዲህ ነው የሚጀምረው! መጀመሪያ ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎ ሚስት። አንደኛው ጉዳት ነው፣ ሁለተኛው እንኳ ጥቅም አለው።

ዝግታ፦ አይቀልዱ፣ ጋሼ። ዛሬ ማታ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው። ስድስት ወር ሙሉ ተከታትዬ፣ ልጅቱ ሆስፒታል ተኝታ እናቷን ምን እንዳለቻት እንኳ አላውቅም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። መጨረሻውን ሳልሰማ ልቅር?

ጋሽ ሽቦ፦ እኔ እያለሁማ አትቀርም። ቴሌቪዥንህ ስንት ኢንች ነው?

ዝግታ፦ ከዚህ ከእርስዎ አያንስም፣ አይበልጥም።

ጋሽ ሽቦ፦ የእኔን አይተህ ነዋ የገዛኸው!

ዝግታ፦ ማየቱንስ አይቻለሁ።

ጋሽ ሽቦ፦ ከስንት ሜትር ላይ ሆነህ ነው የምታየው?

ዝግታ፦ ከአሥራ አምስት።

ጋሽ ሽቦ፦ አሥራ አምስት! ቤትህ አዳራሽ ነው እንዴ? ክንድና ሜትር ተምታቶብህ ነው።

ዝግታ፦ ግድግዳ እየለካሁ የምኖር ሰው ነኝ፣ ጋሼ።

ጋሽ ሽቦ፦ ስትለካ ነዋ ሳምንት የሚፈጅብህ! ለነገሩ ራቅ ብሎ ማየት ለዓይን ጥሩ ነው።

ዝግታ፦ መስታወት ግን ያልፋል?

ጋሽ ሽቦ፦ ምኑ?

ዝግታ፦ ድምፁ።

ጋሽ ሽቦ፦ የሬዲዮ ሞገድ እኮ ነው! መስታወትም በርም አይመልሰውም። ይቺን ከቴሌቪዥኔ ጀርባ ያለችውን ማስተላለፊያ አየሃት? ለሁለት ሄድፎን ድምፅ ትልካለች። አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።

ዝግታ፦ ባዶውን? ያሳዝናል።

ጋሽ ሽቦ፦ የዛሬ ሦስት ሳምንት ለምን እንደገዛኋት ታውቃለህ? እኔ በየወሩ የምከፍልበትን ቻናል ግቢው ሁሉ በነጻ እንዳይሰማብኝ ነው። በሰው ቴሌቪዥን የሚዝናና ሰው አለ ቢሉህ ታምናለህ?

ዝግታ፦ ምን ያለው ይሉኝታ ቢስ ነው፣ ጋሼ!

ጋሽ ሽቦ፦ [ፀሐይዋን በእጃቸው እየጋረዱ] በል ሁለቱንም ከእኔ ማስተላለፊያ ጋር አገናኝቼ እሞክርልሃለሁ። ይህች ፀሐይ ግን አሳወረችኝ። ሳሎኔን ስትቀባ ያወረድከውን መጋረጃ የምትመልስልኝ መቼ ነው?

ዝግታ፦ ቀለሙ ገና አልደረቀም እኮ። መጋረጃ ከተሰቀለበት ይታፈናል።

ጋሽ ሽቦ፦ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ዘመናዊ ቀለም መተንፈስ እንዳለበት አጥቼው ነው? ስድስት ወር ለቀለም ገና ጨቅላነቱ ነው! [ቴሌቪዥኑን ከፍተው ጥቁሩን ያገናኛሉ] እንካ፣ ጥቁሩን አድርግና ውጣ። ራቅ በል! እስከ ቤትህ መስኮት ሂድ!

[ዝግታ ይወጣል። ቆይቶ፣ እንደ ስሙ ቀስ እያለ ይመለሳል።]

ዝግታ፦ ግቢው መሐል ስደርስ ተቋረጠ።

[ሰማያዊውን አድርጎ ይወጣል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እየሮጠ ይመለሳል።]

ዝግታ፦ ጋሼ! አልጋዬ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል!

ጋሽ ሽቦ፦ በቃ ሰማያዊውን ግዛ። ከመጀመሪያው ምን አልኩህ?

ዝግታ፦ ጥቁሩን ግዛ።

ጋሽ ሽቦ፦ ልፈትንህ ነዋ! አምጣው፣ ከእኔ ማስተላለፊያ ላላቅቅልህ።

ዝግታ፦ ምን ያደክምዎታል? እንደተገናኘ ይሁን። [እስከ በሩ ሄዶ ይቆማል] ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ? ማታ ሲያዩ ከሶፋው ዳር ቢቀመጡልኝ።

ጋሽ ሽቦ፦ ለምን ሲባል?

ዝግታ፦ መሐል ላይ ሲሆኑ ራስዎ የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍንብኛል።

ጋሽ ሽቦ፦ የየትኛውን ቴሌቪዥን ስክሪን?

ዝግታ፦ የእኛን።

[ጋሽ ሽቦ ቴሌቪዥኑን አዩ። ራቁቱን መስኮት አዩ። ከማዶ ያለውን የዝግታን መስኮት አዩ። ከዚያ ሄደው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት።]

ጋሽ ሽቦ፦ ዝግታ... ይህ ቀለም መቼ ነው የደረቀው?

ዝግታ፦ በማግስቱ፣ ጋሼ።

ጋሽ ሽቦ፦ ማስተላለፊያዋን እነቅላታለሁ!

ዝግታ፦ ይንቀሏት። ያን ጊዜ ድምፁን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል።

ጋሽ ሽቦ፦ መጋረጃዬን አምጣ! አሁኑኑ!

ዝግታ፦ ምን ገዶኝ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ነገ በማለዳ አመጣልዎታለሁ። [ሰማያዊውን ሄድፎን ጆሮው ላይ ይደፋል።]

ጋሽ ሽቦ፦ [ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ] አሁኑኑ አልኩህ! አትሰማም?

ዝግታ፦ አይድከሙ፣ ጋሼ። እንዳሉት ነው፤ የጆሮ ነርቭ ነው።