የሻምበሉ መርዶ

መርማሪን ደራሲ ይወልደዋል እንጂ የሚያሳድገው አንባቢ ነው። አንድ ሻምበል በየመጽሐፉ ወንጀለኛ ሲያሳድድ እያያችሁ ከጎለመሳችሁ፣ ብሎም አብራችሁት ከሸበታችሁ፣ ዘመዳችሁ ሆነ ማለት ነው። እናንተ ታሙታላችሁ፤ ሌላ ሰው ሲያማው ግን ትቆጣላችሁ።

ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ባለችው የጨርቃ ጨርቅ ሱቄ ዓርብ ዓርብ የምንሰባሰበው የሻምበሉ ዘመዶች ነን። የመጨረሻው መጽሐፍ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰሞን ሱቁ ለቅሶ ቤት መሰለ። ደራሲው ሻምበሉን ገድሎታል። አንዱ ደራሲው ሰልችቶት ነው ይላል፤ ሌላው ገዳዩ ገና መሐል ላይ ያስታውቃል ብሎ ያጣጥላል። እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልቅሻለሁ። ሚስቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደነገጠች። ሞቶብኛላ።

የሁላችንም ጭንቀት ግን ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ድሮ ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬም ከአሮጌው ጣቢያ አልራቁም። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ዓይናቸውም ከድቷቸዋል። መጽሐፉን የምታነብላቸው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ፈረንጆች ቤት እየኖረች የምትሠራው ስንዱ ናት፣ በዕረፍት ቀኗ። መጨረሻውን ቀድማ አይታው ኖሮ ሱቄ መጥታ ቁጭ አለች።

«እኔ ይሄን ሞት ለጋሼ አላረዳም» አለች።

መላውም ከእሷው መጣ። ስታነብላቸው ጥይቱ የሻምበሉን ትከሻ ብቻ ይመታል፤ ይድናል፤ ጡረታ ወጥቶ ሐዋሳ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ሁላችንም ይህንኑ ልንመሰክር ተማማልን።

ዓርብ ሱቁን ለሌሎቹ ትቼ አብሬያት ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ስንዱ የሌለውን እያነበበች፣ ላመል ገጽ እየገለጠች፣ ሻምበሉን ከሐይቁ ዳር አስቀምጣ መጽሐፉን ዘጋች። ወደዱት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ተሰማ ግን፣ «ዘንድሮ ደራሲው ፈራ» አሉ። «ያ ሰው መሞት ነበረበት። እኔ እሱን የምወደው ስለማይዋሸኝ ነበር። ሚስቴ ስትታመም ሁሉም ትድናለች እያለ ዋሸኝ፤ ሳልሰናበታት ሄደች።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ግን ሳያድር ጠራ። ስንዱ እንባዋን ጠርጋ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ መጽሐፉን እንደገና ከፈተችው። እውነተኛውን ሞት ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ሽማግሌው አለቀሱ፤ ካለቀሱም በኋላ ፊታቸው በራ።

«አዎ፣ እሱ እንዲህ ነው» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ያጽናዎት በሉኝ።»

አልናቸው። ላልተፈጠረ ሰው ለቅሶ ተቀምጠን ዋልን፤ ስለ ሚስታቸውም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አጫወቱን።

ስንወጣ ስንዱ አንገቷን ደፍታ ትራመድ ነበር። አዝናለች ብዬ ላጽናናት ስል ቆመች።

«እውነት ንገረኝ ነስሮ፤ የእኔው መጨረሻ አይሻልም?»

ደራሲ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲጠይቀው መጽሐፉን የሚነቅፍ አንባቢ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«በጣም ይሻላል» አልኳት።