በቀቀን ፍለጋ ብቻዬን

በእኛ አገር ብቻውን የሚሄድ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ብቻውን ምሳ የበላ ተጣልቶ ነው፤ ብቻውን ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሐዘን ገጥሞት ነው፤ ብቻውን የሳቀማ አለቀለት፣ ጸበል ይወሰድ ይባላል። “ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም” የሚለውን ተረት ያመጣው ሰውዬ ራሱ ሀዋሳ ላይ ብቻውን ሲሮጥ ቢታይ፣ “ምን ሆኖ ነው?” ብሎ ሰፈሩ በሙሉ ይከተለው ነበር።

እኔን ከዚህ ሕግ ያስወጣኝ አንድ አውስትራሊያዊ ነው። ሂሳብ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ እንግዳ መምህር ሆኖ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በአገሩ ስንቁን አዝሎ፣ ቁጥቋጦውንና ተራራውን ለብቻው እያቋረጠ ወፍ ሲያይ ይውላል። ምን ያደርግልሃል አልኩት። አያለሁ አለኝ። ካየህ በኋላስ? ሌላ አያለሁ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ደስተኛ፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ።

አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ ገላዋ አረንጓዴ፣ ግንባሯ ቢጫ የሆነች በቀቀን አሳየኝ። ፎቶውን ያነሳው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አትገኝም፣ አንተ ስንት ጊዜ አይተሃታል ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ! ሀዋሳ ስኖር ጠጉሬ ሸብቷል፤ የማውቀው ወፍ ግን ዓሣ ገበያው አጠገብ አንጀት ሲለምን የሚውለውን አባ ኮዳ ብቻ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እኔ መዳቡንም አላየሁት። እፍረት ተሰማኝ። ሰውዬው ሰኞ የስንብት ምሳ አለው። ከዚያ በፊት የአገሬን ወፍ በአገሬ ዛፍ ላይ በዓይኔ በብረቱ ላያት ለራሴ ማልኩ።

እንግዳዬ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ ባይኖኩላሩን፣ አዋሰኝና መከረኝ። ብቻህን ሂድ፤ ሁለት ሰው ካለ ወሬ አለ፣ ወሬ ካለ ወፍ የለም አለ። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት? ብቻህን? ጫካ? ለወፍ? እያለች አንድ በአንድ ደገመችው። ሌላ ሴት ብትጠረጥር ይሻለኝ ነበር፤ እሷ የጠረጠረችው ጭንቅላቴን ነው። መነኸሪያ ያደረሰኝ ባለ ባጃጅ ደግሞ አንገቴ ላይ ያለውን አይቶ፣ መሬት ሊለኩ ነው ወይ አለኝ። ወፍ ለማየት ነው ስለው፣ “እሺ ጋሼ፣ አትናገር ተብለው ከሆነ ይተዉት” አለኝ።

ጫካው ግን! እንዲህ ያለ ነገር ከከተማችን በሚኒባስ የሚደረስበት ቦታ ተቀምጦ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርኩ? ግንደ ቆርቁሩ እንጨቱን ይደበድብና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ ስል እኔም ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ከላይ ሆኖ ይገላምጠኛል። ቅጠሉ ሁሉ ይንጫጫል፤ ባይኖኩላሩን ሳነሳ ጸጥ ይላል። የወፎች ስብሰባ ላይ የገባ አለቃ የሆንኩ መሰለኝ።

ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ስደርስ የተፈለፈለ ፍሬ አናቴ ላይ ወደቀ። ወዲያው ከላይ ጥርት ያለ ጩኸት። እሷ ናት! ልቤ ዘለለ። አንገቴ ሲዝል ተንበረከክሁ፤ ቅጠል ቅጠሉ ላይ ሳፈጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዳያስበረግጋት ባይኖኩላሩን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ፣ “ነይ እስቲ፣ ትንሽ ዝቅ በይ፣ እባክሽ” እያልኩ በሹክሹክታ ለመንኳት።

አሁን እናንተው ፍረዱ። በእኛ በደቡብ አማኙ ሸክም ሲከብደው ተራራ ወይ ጫካ ወጥቶ ይጸልያል። አንድ ጎልማሳ ጫካ መሐል ብቻውን ተንበርክኮ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ እያነባ ሲያንሾካሹክ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ትከሻዬ ላይ እጅ ሲያርፍ ደነገጥኩ። ዞር ብል፣ ከሀዋሳ ለጸሎት የመጡ ሰዎች በዙሪያዬ ተንበርክከዋል። መሪያቸው ጠጉራቸው የነጣ፣ ፊታቸው የተረጋጋ አባት ናቸው። ወንድሜ፣ ሸክምህ ምንድን ነው አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ በቀቀን ማየት ፈልጌ ነው አልኳቸው። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቀስ ብለው፣ ልጄ ሚስት አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለኝ ብል ይብስ አዘኑልኝ።

መሪው ግን ለጌታ ትንሽ ጉዳይ የለም አሉ። ዓይናችንን እንጨፍን፣ አሜን እስክንል ማንም እንዳይከፍት ብለው አዘዙ። እኔ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ብሆንም ጸሎት እምቢ አይባልምና ጨፈንኩ። እናትየዋ መዳፋቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። ጸሎቱ ሲጀመር ጫካው ተናወጠ፤ ጉሬዛው ቅርንጫፍ እየሰበረ ሲሸሽ ሰማሁ። በቃ፣ ሰኞ ምሳ ላይ አየኋት የምለው ቀረ ብዬ በውስጤ ተናደድኩ። እናትየዋ ግን ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ “ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ወፏን አሳየው” ሲሉ ንዴቴ ጠፋ። ስለ እኔ በቀቀን እንዲህ የተጨነቀ ሰው ከየት አገኛለሁ?

ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ያኔ ከአናቴ በላይ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት እስኪመስለኝ፣ ያ ጩኸት ተሰማ። ክንፍ ተርገበገበ። ቅርንጫፍ ተንቋቋ። ልክፈት? ለእኔ የሚጸልዩ ሰዎች መሐል? መዳፉ አናቴ ላይ እያለ? ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ይበልጥ ጨመቅሁት።

አሜን ተባለ። ቀና ስል ባዶ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል። መሪው ፊታቸው በርቶ እጄን ያዙኝ። ወንድሜ፣ ተሰምቶልሃል፤ አረንጓዴ ናት፣ ግንባሯ ቢጫ፣ እዚች ላይ አርፋ አንገቷን ወዲህ ወዲያ እያለች ስታይህ ቆየች አሉኝ።

እርስዎ ታዲያ እንዴት አዩዋት አልኳቸው።

“እኔማ መሪ ነኝ” አሉኝ ቅንጣት ሳያፍሩ፤ “እናንተ መጨፈናችሁን ማን ይይ?”