ያኔ እዚያ የነበሩት አንክል

ኳላ ላምፑር ውስጥ ዕድሜው ሰባን ያለፈ ወንድ ሁሉ «የጫካ ወፍ» የተባለው መጠጥ በአንድ ሆቴል ባር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀዳ እዚያ ነበር። የሁሉም ወሬ እውነት ቢሆን ኖሮ ያ የሆቴል ባር ስታዲየም ማከል ነበረበት፤ ጠጪው እንዲያያቸው ከመስታወት ጀርባ የተቀመጡት ወፎችም በሰው ትንፋሽ ታፍነው ያልቁ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ምስክሮች መካከል ግን እንደ ክቡር አንክል ኩም ቾይ ያለ አልተፈጠረም። ሱሎቻና ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ባሯን ከከፈተች ጀምሮ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ጋብ ሲል ደረጃውን እያለከለኩ ይወጣሉ። የጥጓ ወንበር ዙፋናቸው ናት። ከቀረበላቸው ሳህን የተጠበሰውን ደረቅ ዓሣ ለቅመው ይጨርሱና ኦቾሎኒውን ለሕዝብ ይተዋሉ። ከዚያ «የጫካ ወፋቸውን» አንዴ ፉት ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባሩ በሙሉ ፍርድ ይጠብቃል።

«አይደለም። ያኔ እንዲህ አልነበረም። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

ሱሎቻና የቆርቆሮውን አናናስ ትታ ትኩስ ጨመቀች፤ «አይደለም»። ጠቆር ያለ የረም አረቄ አመጣች፤ «ተጠግተሻል፣ ግን አይደለም»። አንድ ቀን ንዴቷ ገንፍሎ «እስቲ ራስዎ ይቀምሙ!» አለቻቸው። ባንኮኒው ውስጥ ገቡ። እንደ ቀዶ ሐኪም እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጣታቸውን አፍታተው ቀመሙ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ችግሩ በረዶሽ ነው» አሉ።

በዚህች ከተማ ሻይ እንኳ «ስኳር ቀነስ» ሳይባል አይታዘዝም። አንዲት ምስኪን ሴት በዚያው ልማድ «የጫካ ወፍ፣ መራራው ቀነስ» ብትል አንክል ከዙፋናቸው ተነሱ። «እመቤቴ፣ ያ ቀዩ መራራ አረቄ ከወጣማ የሚቀረው የልደት ጭማቂ ነው!» ሴትዮዋ ከነጓደኞቿ ውልቅ አለች።

ሚስታቸው አንቲ ዩክ ላን አንድ ማታ ጃንጥላ ይዘውላቸው መጡ። እሳቸው መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ጠብቀው ለሱሎቻና ሹክ አሏት።

«እዚያ ነበርኩ ይልሻል አይደል? ያን ጊዜ ኢፖ ከተማ ውስጥ ጎማ ይሸጥ ነበር። ሆቴሉን ያየው በአውቶቡስ መስኮት ነው። አደራ እንዳትነግሪው! ይቺን ወግ ካጣ ቤት ውሎ እኔን ነው የሚያርመው።»

ታዲያ ሰሞኑን ኦብሪ የሚባል ወጣት ከሲንጋፖር መጣ። እዚያ ለሚደረግ የመጠጥ ፌስቲቫል ከከተማው አንድ ባር ሊመርጥ ነው፤ የሷን ቅዳሜ ሊቀምስ ቀጠሮ ያዘ። ሱሎቻና ይህ ዕድል ካመለጣት ደረጃውን የሚወጣላት ሰው አንክል ብቻ ሊሆኑ ነው።

«አንክል፣ ቅዳሜ ዝግ ነን» አለቻቸው።

ቅዳሜ ከች አሉ። «ዝግ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

ኦብሪ ቀመሰ። «ጥሩ ነው፤ ግን ይመራል። መራራውን ቀንሺውና አንቺን መርጫለሁ።»

የሱሎቻና እጅ ወደ መራራው ጠርሙስ ሄደ።

«እንዳትነኪው!» ድምፁ ከጥጉ መጣ። «ልክ እንደዚህ ነበር። ጠብታ አይጨመር፣ ጠብታ አይቀነስ። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

ልክ! ይህን ቃል ከአንክል አፍ ሰምታው አታውቅም። ኦብሪ ግን ፈገግ አለ።

«እውነት አንክል? ስለዚያ ባር ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ወፎቹ በየት በኩል ነበሩ፣ በግራ ወይስ በቀኝ?»

አንክል አፋቸውን ከፈቱ። ነክተውት የማያውቁትን ኦቾሎኒ ዘግነው ጎረሱበት። ጆሯቸው ደም መሰለ። ባር ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ጀመር።

ሱሎቻና «ተዋቸው፣ ሽማግሌ ናቸው» ብትል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ ፌስቲቫሉም የሷ። እሷ ግን ጠርሙሱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«አንክል ለወፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተቀመጡት» አለች ፍርጥም ብላ። «ሌላው ሰው ወፍ ሲያይ እሳቸው መጠጡን ነበር የሚያዩት። መራራው አይቀነስም።»

ኦብሪ ሁለቱን አፈራርቆ አየ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ እንደገና ተጎነጨ፤ ደግሞ ተጎነጨ። ብርጭቆውን ባዶ አድርጎ አስቀመጠ።

«ሌላ ቅጂልኝ» አለ በመጨረሻ። «ሲንጋፖር ስትመጪም ልክ እንደዚህ ነው። እሳቸውን ግን እዚሁ ተያቸው።»

እንግዳው ከወረደ በኋላ አንክል ከዙፋናቸው ተነሱ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነትሽን እኮ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ። ወንበሩማ እንዴት ይቆረቁር ነበር መሰለሽ!»

«ምን መቆርቆር ብቻ» አለች ያኔ ገና ያልተወለደችው ሱሎቻና፤ «ሲነሱ ወገብዎን ይዘው አልነበር?»