የጋሽ ኤርጫፎ እርጥብ ሳር

አገራችን ውስጥ አስታራቂ የሌለው ሰፈር የለም። መብራት የሌለው አለ፣ ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለት አለ፤ አስታራቂ ግን ሞልቷል። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጫማውን ሳያስር የሚደርስ፣ ባልና ሚስት መኳረፋቸውን ከራሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ፣ "በቃ፣ ለእኔ ስትሉ" ሳይል ከዋለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የትም አይጠፋም። የሌሎች ሰፈሮች አስታራቂዎች አይቀየሙኝና፣ የሁሉም አለቃ የእኛው የሲቀላው ርዕሰ ሽማግሌ፣ ክቡር ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው።

ጋሽ ኤርጫፎ የጋሞ፣ የኦቾሎ ሰው ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የግብርና ባለሙያ ነበሩ ይባላል። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እንቢ አይባልም፤ ይህን አገር ያውቃል። አገር የማያውቀው፣ እሳቸው ሳሩን እንደሌላው ሰው ለትልቅ ጠብ እንደማያቆዩት ነው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ፣ በረጠበ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሁልጊዜ አለ። በጋ ሲሆን ባጃጅ ተሳፍረው አባያ ሐይቅ ዳር ወርደው ይነቅላሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሆቴል ግቢ ሲነቅሉ ዘበኛው ደረሰባቸውና ተጣሉ። በነቀሉት ሳር ዘበኛውን ለመኑት፣ ታረቁ፣ ሳሩንም ይዘው ሄዱ።

"ሳሩ ሳይደርቅ!" ይላሉ፣ ቶሎ ታረቁ ለማለት። ባጃጅ ከባጃጅ ሲጋጭ፣ "ሳሩ ሳይደርቅ!" የእኔና የባለቤቴ የኖላዊት ክርክር በመስኮት ከተሰማ፣ "ሳሩ ሳይደርቅ!" አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ሄደው፣ ታናሽየው የጠቡን ምክንያት ረስቶት አገኙት። ቁጭ ብለው አስታወሱት፤ ከዚያ አስታረቁት።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኝ ነበር። ጠቡ በወንድና በሴት መካከል ከሆነ ሴቲቱ ውጭ ትቀመጣለች። ወንድ ዘመዷ ገብቶ ስለ እሷ ይናገራል። ሲያበቃ አንዱ ብቅ ብሎ ይቅር ማለቷን ይነግራታል። ይህን ስንት ጊዜ አይቼ ዝም እንዳልኩ አልቆጠርኩትም።

ትርሐስ ከግድግዳችን ማዶ፣ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለ ክፍል ተከራይታ ገላዋን ሸጣ የምትኖር ሴት ናት። ከሰሜን ነው የመጣችው፣ እዚህ ዘመድ የላትም። ግማሹ ሰፈር ሥራዋን እንዳላወቀ ሆኖ ሰላም ይላታል፤ ግማሹ ሰላምም አይላትም። እኔ ከሁለተኛው ግማሽ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ፣ መምህር ነኝ፣ ተማሪ ያየኛል፤ ሰበብ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ልዑልሰገድ የሚባል ሙዝ ነጋዴ፣ ደንበኛዋ ነው፣ በዱላ ደብድቦ ክንዷን ሰበራት። ክንዷን በነጠላዋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፖሊስ ዘንድ ሄደች። የተቀበላት ፖሊስ፣ "ሥራሽ ራሱ ወንጀል አይደል እንዴ?" አላት።

"የትኛው አንቀጽ?" አለችው።

የሕጉን መጽሐፍ ገለበጠ፣ አጣ። ሕጉ የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውንና ለዚያ ብሎ ቤት ከፍቶ የሚያተርፈውን ነው፤ እሷን የሚቀጣበት አንቀጽ የለም። ክንድ ለሚሰብር ግን አለ። ክሱ ተመዘገበ።

ጋሽ ኤርጫፎ በማግሥቱ ደረሱ፤ የልዑልሰገድ ዘመዶች ለምነዋቸው ነው። አንድ ችግር ብቻ ገጠማቸው፣ ትርሐስን ወክሎ የሚናገር ወንድ የለም። ትንሽ አሰቡና ወደ እኔ ቤት መጡ።

"መምህር ካሱ፣ ወንድሟ አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

ኖላዊት ከጓዳ ሆና፣ "እንኳን ደስ ያለህ፣ እህት አገኘህ!" አለችና ሳቀች። ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሁሉ ሰምተው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ጋሽ ኤርጫፎ ግቢ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። እሳቸውን ጨምሮ አምስት ሽማግሌዎች፣ ጫማውን ያስጠረገ ልዑልሰገድ፣ እና እኔ የአንድ ቀን ወንድም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል ትርሐስ ከውጭ ገባች፣ በደህናው እጇ ወንበር ሳበችና መሀላችን ተቀመጠች።

"ክንዱ የእኔ ነው። የምናገረውም እኔ ነኝ።"

አንዱን ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሌላው እኔን አየኝ፣ እኔ ማንጎውን አየሁ። ጋሽ ኤርጫፎ እጃቸው ላይ ያለውን ሳር ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣ "እንግዲህ ሳሩ ሳይደርቅ ትናገር" አሉ።

ተናገረች። ቀጥሎ ተራው የልዑልሰገድ ሆነ። በእርቅ ወግ በዳይ አስቀድሞ እውነቱን ያወጣል። ሳር ፊት መዋሸት ጎሜ ነው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር። እሱም ነገሩ እዚያው የሚያልቅ መስሎት ቀለል አድርጎ፣ "አዎ፣ ጠጥቼ ነበር፣ በዱላ መትቻታለሁ" አለ። አምስቱም ተነሥተው ሳር ይዘው ፊቷ ተንበረከኩ። "ክሱን ተይልን፣ ልጃችን።"

ሽማግሌ ተንበርክኮ እያለ እሷ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላትም፤ እሷም ተንበረከከች።

"አባቶቼ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም አልያዝኩበትም። ክሱን ግን አልተውም። ዛሬ እኔ ብተወው፣ ነገ የሚሰብራት ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያለችውን ቤቲን ነው። ለእሷ ማን ይንበረከክላታል?"

አስታርቀዋል እንዳይባል ክሱ አለ፤ አላስታረቁም እንዳይባል ይቅር ተብሏል። ጋሽ ኤርጫፎ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠማቸውም። ሳሩን ወደ ኪሳቸው መልሰው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ልዑልሰገድ "ነክቻት አላውቅም" አለ። ያየ ሰው አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ ጋሽ ኤርጫፎን ምስክር አድርጎ ጠራቸው። አራቱ ሽማግሌዎች ከበው ለመኗቸው፤ የሽምግልና ቃል ችሎት አይወጣም፣ ከወጣ ከእንግዲህ ማን ያምነናል ብለው። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን የልዑልሰገድ ጠበቃ ቀረ፣ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በሁለተኛው መብራት ጠፋ፣ እንደገና ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በሦስተኛው ዳኛዋ ታመው ነበር። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ትርሐስ የኪሳቸውን ፌስታል አየችና፣ "ጋሼ፣ ሳሩ እኮ ደረቀ" አለቻቸው።

"ችግር የለም፣ ሌላ እንነቅላለን" አሉ።

በአራተኛው ቀን መሰከሩ። ጠበቃው፣ "ሴትዮዋ በምን እንደምትተዳደር ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አውቃለሁ። ሳሩ ግን ሥራዋን አልጠየቀም፤ እሱ መትቻታለሁ ያለውን ነው የሰማው። ክቡር ፍርድ ቤት፣ አርባ ዓመት ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። ስንቷን ሴት ውጭ አስቀምጬ፣ ሳልጠይቃት ይቅር ብላለች እንዳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ይችኛዋን ቁጭ ብዬ ሰማኋት። የሰማሁትን አልውጥም።"

ልዑልሰገድ ተፈረደበት፣ ታሰረ። እኔ የአንድ ቀን ወንድሟ ከኋላ ወንበር ላይ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት በከፊል ለእሷ ነው፣ በከፊል ደግሞ በራሴ አፍሬ፤ ቃሉን እኔም ሰምቼ ነበር፣ አልመሰከርኩም። እዚህ ላይ ትርሐስ ሥራዋን ትታ የልብስ ስፌት ከፈተች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ያው ክፍል ውስጥ ናት። ክንዷ ድኗል። እኔም ሰላም እላታለሁ፣ ተማሪ እያየኝ።

ዋጋውን የከፈሉት ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። "ምስጢር አውጪ" ተባሉ። ባጃጆች እየተጋጩ ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ ባለትዳሮች እየተጣሉ በር ይዘጋሉ፣ እሳቸውን የሚጠራ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ ኪሳቸው ደርቆ ደጃፋቸው ላይ ሲቀመጡ አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያማረረኝ "ሳሩ ሳይደርቅ!" ናፈቀኝ። አንጀቴን በሉኝ።

ኖላዊትና እኔ ተመካክረን ለመጣላት ወሰንን።

እሑድ ከአምልኮ መልስ መስኮቱን ከፍተን ተጯጯኽን። ባልዲ ወረወርኩ፤ ኖላዊት የድስት ክዳን ጨመረች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኤርጫፎ ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻውን አያስታርቅም፤ አራቱ ደግሞ ከእሳቸው ጋር አይወጡም። አጠገባቸው ትርሐስ ቆማለች። በዳነው እጇ እርጥብ ሳር ይዛለች።

"ሁለተኛዋ ሽማግሌ" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፣ እንደ ደንቡ አስተዋውቀው። ገብተው ተቀመጡ። ባልዲውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የውሸት ጠብ መሆኑ ገብቷቸዋል፤ አይናቸው ግን በርቶ ነበር።

ትርሐስ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ኖላዊት ትጀምር። ሳሩ ሳይደርቅ!"

ባለቤቴ ልታስመስል ነበር የተስማማነው። ከሠርጋችን ዕለት ጀመረች። በእናቴ በኩል አለፈች፣ ልማር ብላ እምቢ ያልኳትን ትምህርት አነሣች፣ በእሷ ፋንታ የመለስኳቸውን መልሶች አንድ በአንድ ዘረዘረች። አንዱንም አላስመሰለችም፤ አንዱም ውሸት አልነበረም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ትርሐስ እጇን ዘርግታ ሳሩን አሳየችኝ። ጠውልጓል።

"አይዞህ ወንድሜ" አለችኝ፣ "አንተ እውነቱን ጀምር እንጂ ሌላ እንነቅላለን።"