ከአሜን በኋላ የሚበሩት ጋሽ ዮፍታሄ

ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ የሚበር ዘመድ አለው። አስፋልቱ የተነጠፈው፣ ዘንባባው ዳር ዳሩን የቆመው፣ ሐይቁም ገለል ብሎ የተኛው ለእሱ መኪና ማለፊያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው።

በሐዳሳ ቤተሰብ ይህን ሹመት ለብዙ ዘመን የያዙት አጎቷ፣ ክቡር ጋሽ ዮፍታሄ ናቸው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። እሑድ እሑድ ቸርች በር ላይ ቆመው ሰው የሚያስተናግዱት እሳቸው ናቸው። ወላጆቿ ካረፉ ጀምሮ ሐዳሳን ያሳደጓትም እሳቸው። በእግራቸው ሲሄዱ ኤሊ ናቸው፤ ሚስማር ሲመዝኑ ደንበኛው ቆሞ ያረጃል። ነጯ ዲኤክስ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ።

ሳይጸልዩ ሞተር አያስነሱም። ጸሎቱ ደግሞ ረጅም ነው። ለጎማዎቹ በየተራ ይጸለያል፤ ለፍሬኑ፣ ለባጃጅ ነጂዎች ልብ፣ ለጋሪ ፈረሶች ማስተዋል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንድ እንቅልፍ ወስዶት ይነቃል። ከዚያ "አሜን" ይባላል፤ ቃሉ ከአፍ ወጥቶ ሳያልቅ መኪናዋ ከታቦር ኮረብታ ቁልቁል ተወርውራለች።

"በጸሎት የሄደውን ሰዓት በነዳጅ እንመልሰዋለን!" ይላሉ ማርሽ እየቀየሩ።

"ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!" ትላለች ሐዳሳ፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ።

"ጸልየናል እኮ!"

"በደህና እንድንደርስ ነው የጸለይነው!"

"ልጄ፣ የፍጥነት ወሰን የወጣው መንዳት ለማይችሉ ሰዎች ነው።"

ይህን ፍልስፍና እስከ ዛሬ የሞገተ የለም። ሊሞግት የሚገባው ሰው በዚያ ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ጸሎት እያደረሰ ነዋ። ፍሬቻ ማሳየትም ለማይችሉ የተተወ ነገር ስለሆነ፣ የዲኤክሷ ፍሬቻ ይሠራ አይሠራ ቤተሰቡ አያውቅም።

ሐዳሳን ከሁሉ የሚደንቃት ግን እንዲህ በርረው የሚደርሱበት ቦታ ነበር። ሠርግ ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። ቸርች ሲደርሱ ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ ሄዷል። ታዲያ ክቡርነታቸው ምን ያደርጋሉ? መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ መሪው ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ከነፋስ ቀምተው ያመጡትን ሰዓት ሁሉ የተዘጋ በር እያዩ ያጠፉታል።

ደግሞ የሾፌሮች ቃል ኪዳን አለ። ከፊት ትራፊክ የቆመ እንደሆነ፣ ከወዲያ የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ያኔ ጋሽ ዮፍታሄ በግ ይሆናሉ። ጀርባቸውን ቀና፣ ፍጥነታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትራፊኩን "ጤና ይስጥልኝ፣ የተባረክህ!" ብለው ያልፋሉ።

"ጋሼ፣ ምነው ቀነሱ? ሕጉ ለማይችሉ ነው አላሉም?"

"እንደምችል እሱ በምን ያውቃል?"

"መብራት ያበራልን ሰውዬስ?"

"እሱማ ወንድም ነው! የማታውቂው ሰው እንዲህ ሲያስብልሽ አይገርምሽም?"

ሐዳሳን ገረማት። የማይተዋወቁ ሰዎች በብርሃን ሲነጋገሩ ማየት ግጥም ይመስላል። ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ለሚሻገረው እግረኛስ መብራት ብልጭ የሚያደርግለት ማን ነው?

መልሱ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር፣ ጉዱማሌ መናፈሻ አጠገብ መጣ። ልጅ ያዘለች ሴት መሐል መንገድ ላይ ነበረች። ፍሬኑ ጮኸ፤ ዲኤክሷ ተንሸራትታ ቆመች። ሴትዮዋ ወደ ዳር ሮጣ ተረፈች። ከፊት ጎማው ሥር አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማዋ ብቻ ቀረ።

"አየሽ ፍሬኔን? ምላጭ ነው!" አሉ ጋሽ ዮፍታሄ። ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐዳሳ "መኪና ያቅለሸልሸኛል" እያለች በባጃጅ መሄድ ጀመረች። ባጃጅ የማያቅለሸልሽበትን ምክንያት የጠየቃት የለም።

ታዲያ ከእጮኛዋ ከአልአዛር ጋር የሠርጋቸው ቀን ሲቆረጥ ጭንቅ መጣ። በቸርቻቸው ልማድ ሙሽሪትን አምጥቶ የሚያስረክበው አሳዳጊዋ ነው። ጋሽ ዮፍታሄ ዲኤክሷን በየቀኑ ያጥቧት ጀመር። ሪባን ገዙ። ሐዳሳ እምቢ ብትል ያሳደጓትን ሰው በሠርጓ ማግሥት እንዴት ቀና ብላ ታያለች? እሺ ብትልስ፣ በሠርጓ ቀን የማን እናት መሐል መንገድ ላይ ትሆናለች?

ሳምንት ሲቀረው እንደምንም ወጣላት። "ጋሼ፣ ሱሌይማን ቢወስደኝስ?"

ሱሌይማን ጎረቤታቸው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ።

"ያ መኪናውን አቁሞ ዶሮ የሚያሳልፈው?"

"አዎ፣ ዶሮ የሚያሳልፈው።"

"እኔ እያለሁልሽ?"

"ጋሼ፣ ያን ቀን ጫማዋን አይቼዋለሁ።"

ጋሽ ዮፍታሄ መወልወያውን ጨመቁ። እንደገና ጨመቁ። ውኃው ካለቀ ቆይቷል።

"እኔም አይቼዋለሁ" አሉ።

በሠርጉ ዕለት ጠዋት ግን ዲኤክሷ አበባ ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እሳቸውም በሙሉ ልብስ፣ በሩን ከፍተው።

"ይቁሙ ባልሽኝ ቦታ አቆማለሁ። ከፈለግሽም ወርደሽ በሱሌይማን ትሄጃለሽ" አሉ። ሐዳሳ ያንን ፊት አይታ እንዴት እምቢ ትበል? ቬሎዋን ሰብስባ ገባች፤ እጇንም ከልማድ የበሩ እጀታ ላይ አደረገች።

ጸሎት ሆነ። በዚያ ቤተሰብ ታሪክ እንደዚያ ያጠረ ጸሎት ተሰምቶ አያውቅም።

"ጌታ ሆይ፣ በዚህ መንገድ የሚሻገረውን ሁሉ ከእኔ ጠብቅ። አሜን።"

ተንቀሳቀሱ። መንቀሳቀስ ከተባለ። ከታቦር ቁልቁለት እንደ ጠብታ ማር ወረዱ። ባጃጆች ቀደሟቸው። ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ቀደማቸው፤ ፈረሱ ዞር ብሎ አያቸው። ከፊት መኪና ጣሪያ ላይ ብቅ ብሎ የሚቀርጸው ቪዲዮ አንሺ ካሜራውን አውርዶ ሙዝ ይልጥ ጀመር። ጋሽ ዮፍታሄ ዜብራ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። ባጃጅ ለመያዝ ዳር የቆሙ እናት ጋ ቆመው "ይለፉ፣ እናቴ፣ ይለፉ!" ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ሴትዮዋ መሻገር ባይፈልጉም ሙሽራን እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው እየመረቁ ተሻገሩ። ቀጥሎ ዶሮ መጣች። ቆሙ።

ከኋላ የሚከተላቸው ሱሌይማን በመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ። "ጋሽ ዮፍታሄ! ነዳጅ አለቀ እንዴ?"

የሐዳሳ ስልክ ጮኸ፤ አልአዛር ነው። "የት ደረሳችሁ? ፓስተሩ ሰዓታቸውን አይተው አይተው አሁን እኔን ማየት ጀምረዋል!"

"ጋሼ፣ ኧረ ትንሽ ነዳጅ ይስጧት!" አለች፤ ብላም በገዛ አፏ ደነገጠች።

"ልጄ፣ የፍጥነት ወሰን አለ።"

"ወሰኑ እንዲህ አይደለም! ጋሪ እኮ ቀደመን!"

"ይለፍ። ቸኩሎ ነው።"

ሳቋ አመለጣት። "ቀስ ብሎ መንዳት ይችሉበት ኖሯል፣ ጋሼ?"

ቀና ስትል በስፖኪዮው ውስጥ ዓይናቸውን አየችው፤ ቀልቷል።

"ቶሎ ደርሼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የተዘጋ በር ነው" አሉ ጋሽ ዮፍታሄ። "ዛሬ ደግሞ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀናል። አንቺን አስረክቤ፣ ባዶ መኪና ይዤ ልመለስ ነው። ምን አስቸኮለኝ?"

ሐዳሳ እጇ የበሩን እጀታ ከለቀቀ መቆየቱን ያኔ አስተዋለች። መታጠፊያው ደርሷል። ቸርቹ በቀኝ ነው። የግራው መንገድ በጉዱማሌ በኩል ሐይቁን እያሳየ ዞሮ፣ ዞሮ ወደ ቸርቹ ይመልሳል።

"ጋሼ፣ ግራ ይያዙ።"

"አልአዛርስ?"

"ይጠብቅ። ጸልየናል እኮ!"

ይሠራ አይሠራ ቤተሰቡ የማያውቀው የዲኤክሷ ፍሬቻ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ በግራ በኩል በራ። ከኋላ የሱሌይማን ክላክስ ሰፈሩን አናጋው።