ማርሽ የማይቀንሰው ጓድ

ማርሽ ጥርስ እንዳለው ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እጀታውን ብቻ ነው። እጀታው ደግሞ ለስላሳና ለመዳፍ የተመቸ ስለ ሆነ፣ ከወለሉ በታች በዘይት የተነከሩ የብረት ጥርሶች ለመግባባትም ለመናከስም እኩል ተዘጋጅተው እንደሚጠባበቁ አይነግርዎትም። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠው፣ ፋታ ሰጥተው ካስገቡት ይግባባሉ። ከቸኮሉ ይፋጫሉ። ዳገት ሲመጣም ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳሉ፤ መቀነስ ውርደት አይደለም። ይህን ለእርስዎ መንገር ቀላል ነው። በአብዮቱ ዘመን፣ ለካድሬ፣ ያውም ሊማሊሞ ላይ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ያለችን አንዲት ማኪና በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበረች። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ግን ጥፋተኛ ይፈለግለት ነበር፤ የጥፋተኛውም ስም «አሻጥረኛ» ነው። የጎረቤት መሥሪያ ቤት ንብረት ኃላፊ የውኃ ፓምፕ ተቃጠለብህ ተብሎ ከታሰረ ሰንብቷል። ሚስቱ ስንቅ ይዛ በደጃችን ስታልፍ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ማኪናችን ይሄድ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት አድርሰን ከሊማሊሞ ግርጌ ካለችው ከድብ ባሕር ስንመለስ፣ አብሮኝ የነበረው ወጣት ካድሬ «መሪውን እኔ ልያዘው» አለ። መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጀግና በዚያች ማኪና ውስጥ አልነበረም። ከኋላችን የተቀመጡት እስከ ደባርቅ አድርሱኝ ብለው የለመኑን አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ብቻ ናቸው።

ጓዱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ገባበት። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንዳለፍን ማኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ጓድ፣ ማርሽ ቢቀንሱ?» አልኩት።

«ወደ ኋላ ተመለስ ነው የሚሉኝ?»

«ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ሁለተኛ።»

«ሁለት ከሦስት ኋላ አይደለም እንዴ? እኔም ሒሳብ ተምሬአለሁ። አብዮት ማርሽ አይቀንስም!»

«ምነው ልጆቼ፣ ይች ማኪና ምጥ ያዛት?» አሉ አያ ሞላ። «ወርጄ ልግፋት እንዴ?»

«ዝም ይበሉ፣ አባት!»

ጓዱ እንዳትቆምበት ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ ነዳጅ ሰጣት። የተቃጠለ ሽታ አፈነን። ማኪናዋ አንዴ ወደ ፊት ትዘላለች፣ አንዴ ትንገጫገጫለች፤ የማርሹ ጥርሶች ያሉበት ካምቢዮ በእያንዳንዱ ዝላይ ያንገራግራል። በቀኜ ገደሉ ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ የፈራሁት ገደሉን አልነበረም። ገደል ቢያንስ ጥያቄ አይጠይቅም። የታየችኝ ስንቅ የያዘችው ሴት ናት፤ ፊቷ ግን የባለቤቴ ፊት ነበር።

«ጓድ፣» አልኩ በመጨረሻ፣ «ስልታዊ ማፈግፈግ ቢደረግስ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ቀድሞውንም አፋፍ ላይ ነበርኩ።

የጓዱ ፊት በራ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉም!» አለና ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ቀስ ብሎ ሁለተኛ አስገባ። ማኪናዋ ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ።

«ሸጋ! ተገላገለች» አሉ አያ ሞላ።

እሳቸውን ደባርቅ አውርደን ሜዳውን ስንይዝ ጓዱ ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። አስተያየቱ አላማረኝም።

«ያችን ‹ስልታዊ ማፈግፈግ› የምትል ቃል ማን አስተማረህ?» አለኝ ድንገት።

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገረው ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ነው። በዚያ ዘመን አንድን ቃል ከየት አገኘኸው ማለት፣ ከማን ጋር ታነባለህ ማለት ነበር፤ ከማን ጋር ታነባለህ ማለት ደግሞ የየትኛው ኅቡዕ ድርጅት ሰው ነህ ማለት እንደ ነበረ ለሚያውቅ አይነገርም። የካምቢዮውን ጥርስ አተርፋለሁ ብዬ የራሴን አስይዤ ኖሯል።

«ሊማሊሞ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

ጓዱ ሳቀ፤ ረዥም ሳቅ። ካምቢዮው አንድ ጥርስ ሳይጎድልበት ጎንደር ገባ። ያ ሳቅ በስንተኛ ማርሽ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።